የእሜቴ አደራ

ሰይድዬ፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ የምትመልስልኝ መንገድ የለህም። ማረፊያህን አላህ እንዲያሰፋልህ ግን ጠዋት ማታ እለምናለሁ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንደጾምኩት አላህ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛውን ግን እንደ ሰው ጾሜ፣ እንደ ሰው አፍጥሬ፣ ጎረቤት ጠርቼ ነው ያሳለፍኩት። አሁን መስከረም ነው፤ ኦክላንድ በጋውን ሁሉ በጉም ስታሾፍብን ከርማ ፀሐይዋን የምታወጣበት ጊዜ። መስኮቱን ከፍቼ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አሁንም ሲጢጥ ይላል። ልጅህ ሐያት ልጣለው ብትለኝ እምቢ አልኳት።

የምጽፍልህ የምሥራች ይዤ ነው። ግን መጀመሪያ ቂሜን ልንገርህ፣ እሱን ሳታውቅ ደስታዬ አይገባህም።

መስጂድ ውስጥ ጀናዛህ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሸሁ፣ «በሰይድ ላይ ሐቅ ያለው አፉ ይበለው፣ ይቅር ይበለው» አሉ። ወንዶቹ አፉ ብለናል አሉ። ከመጋረጃው ወዲህ ያለነው ሴቶችም አሉ፤ ያልከፈልካቸውም የከፈልካቸውም፣ የሚያውቁህም የማያውቁህም። እኔ ሚስትህ ግን አላልኩም። ለቅሶ ነው ብለው አለፉኝ፤ ለቅሶ ብቻ አልነበረም፣ ተቀይሜህ ነው።

ሐኪም ቤት ያቺን የመጨረሻ ቀን አስታውስ። ሐያት በቀኝህ፣ እኔ በግራህ ነን። ዓይንህን ከፈትክና እኔን አየህ። ከንፈርህን በጥጥ አራስኩልህ። አንድ ነገር ልትል መሆኑ ገባኝና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አብራህ የኖረች ሴት ምን ትጠብቃለች? ዘሃራ አፉ በይኝ ትላለህ ብዬ ነበር። ቢቀር ቢቀር ስሜን ትጠራለህ። አንተ ግን፣ «እሜቴን አደራ» አልክ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣህም። ሸሃዳህን እንኳ በጣትህ ነው ያሳየኸን፣ ምላስህን ለእሜቴ ጨርሰህ!

እሜቴ ሲባል የሰማ ሰው እናትህ ናት፣ አክስትህ ናት ይላል። ኢጓና ናት እንጂ! ከጭንቅላቷ እስከ ጅራቷ እሾህ የደረደረች እንሽላሊት። ሴት ልጅ ባሏ ሌላ ሴት ቢጠራባት ታለቅሳለች፤ እኔ ለማን ምን ብዬ ላልቅስ?

እንዴት ወደ ቤታችን እንደገባች በኔ አፍ ሰምተኸው አታውቅም፤ ሁልጊዜ አንተ ነህ የምታወራው። ከላይ ፎቅ የነበረው ወጣት ቤት የለቀቀ ቀን ነው። ከኤርፖርት ተሳፋሪ ስታመላልስ ውለህ ስትገባ፣ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያገኘኸውን የመስታወት ሳጥን ታቅፈህ መጣህ። እኔ የሳህን መደርደሪያ ያመጣህልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። ውስጡን ሳይ የጮህኩትን ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶታል። ከስክሪብቶ ብዙም አትበልጥም ነበር። አንተ ግን፣ ብርድ ይዟታል ብለህ የኔን የጸጉር ማድረቂያ ሰካህላት። ነገ ትሄዳለች አልከኝ። ያቺ ነገ ሐያት ኮሌጅ ገብታ ወጥታ፣ ሥራ ይዛም አልደረሰችም።

ምን እንደምትበላ ስልክህ ላይ ፈልገህ ጎመን መሆኑን ስታይ የሳቅከው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ዘሃራ፣ የኛው ሰው ናት!» አልክ። ከዚያ የኋላ በረንዳውን ሁሉ በጎመን ሞላኸው። ለስላሳው ቅጠል ለእሷ፣ ዘንጉ ለኛ። ስሟንም ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ሁላችንንም ቁልቁል ስለምታይ እሜቴ ተባለች። እኔ የቤቱ እመቤት ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ፣ አንተ ትንሿ ክፍል ገብተህ «እሜቴ እንዴት አደሩ፣ ሙቀቱ ተስማማዎት?» ትላታለህ። በእርስዎ! እኔን አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ብለኸኝ አታውቅም።

ስታድግ ነው ነገሩ ያሳሰበህ። ዩቲዩብ ላይ የምታያቸው ኢጓናዎች አረንጓዴ ናቸው፤ የኛዋ አመድማ ሆና ፀሐይ ሲያርፍባት ወደ ሰማያዊ ታደላለች። ሬድውድ ሲቲ ተሳፋሪ እየጠበቅክ መኪና ውስጥ ስታነብ ውለህ መጣህና፣ በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ላይ ብቻ የሚኖሩ የአለት ኢጓናዎች እንዳሉ ነገርከኝ። ጫጩቶቻቸውን ድመትና ውሻ ይበላቸዋል፤ የሚቆፍሩበት አሸዋ ላይ ቤት ይሠራበታል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ሌቦች በካልሲ ጠቅልለው በሻንጣ ያወጡና ይሸጡታል። የአንዳንዱ ደሴት ዘር ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል አልከኝ። ያን ቀን እራትህን አልበላህም። «ይቺ ልጅ እኛ ቤት ተቀምጣ ዘመድ እያለቀባት ይሆናል» አልክ። እኔ ደግሞ ብላ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ አልኩህ።

ለሚመለከተው ክፍል ልደውል ብለህ ስልኩን ታነሳለህ፣ መልሰህ ታስቀምጣለህ። ለምን እንደሆነ ሌላ ሰው ላይገባው ይችላል፤ እኔ ግን ይገባኛል። የአሳይለም፣ የጥገኝነት ጉዳያችን እስኪያልቅ ፖስታ በመጣ ቁጥር አንቺ ክፈቺው፣ አንተ ክፈተው ስንባባል የኖርን ሰዎች ነን። ዜግነቱ ተገኝቶም ያ ነገር አለቀቀህም፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ባጠገብህ ሲያልፍ መንገድ ትቀይር ነበር። «ከዚህ ቤት ወረቀት የሌላት እሷ ብቻ ናት። ዲፖርት አድርገው ወዳገሯ ይመልሷታል፤ ከየት አመጣሃት ብለው እኔንም ይይዙኛል» ትላለህ። ዛሬ ነገ ስትል የልብ ሕመምህ ቀደመህ። አደራው እኔ ላይ ወደቀ። አብያት ነው? ደውዪ ነው? አልነገርከኝም።

ከዚያ ኢዳ ተቀመጥኩ። አራት ወር ከአስር ቀን፣ ያለ ችግር ከቤት አልወጣም። ለቅሶ ደራሹ ቀስ በቀስ ሳሳ፤ ሐያትም ሳን ሆዜ ሥራዋ ጠራትና ቅዳሜና እሁድ በዚያ በ880 አውራ ጎዳና ትራፊክ እየተንፏቀቀች መምጣት ያዘች። የቀረነው እኔና እሜቴ ነን። አንድ ቤት ውስጥ፣ ሳንዋደድ። ጠዋት መብራቷን አበራለሁ፤ ጎመኗን ከትፌ በሩ ላይ ቆሜ በእንጨት ማንኪያ እገፋላታለሁ። እጄንማ አልሰጣትም። ሰው ደግሞ፣ ሰይድ ብልህ ነው፣ ተኝተሽ እንዳትቀሪ ብሎ ነው አደራ የጣለብሽ ይለኛል። እኔ በልቤ፣ ሰይድን አታውቁትም እላለሁ። አንተ ዙሪያ ጥምጥም የማታውቅ ሰው ነበርክ። እሜቴን አደራ ካልክ፣ እሜቴን አደራ ማለትህ ነው።

ረመዳን ሊገባ ሲል መብላት አቆመች። እትዬ ራህማን ታውቃታለህ፤ የሐዘን ቤት ሁሉ አለቃ ናት። በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻትና እንባዋ መጣ። እንስሳ ያውቃል፣ ሐዘኗ ነው፣ ተዪያት ይውጣላት አለች። ወለሉን ቀኑን ሙሉ ትቧጥጣለች፣ ሰይድን እየፈለገች ነው አሉ። ጨረቃዋ ታይታ ረመዳን ገባ፤ እሜቴ አሁንም አትበላም። እትዬ ራህማም ሐዘን ያለችውን ትታ፣ ጾም ይዛለች ብላ አረፈችው። ወሬው መስጂድ ደረሰ! ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ይዘው የሚመጡት ሴቶች መጀመሪያ እሜቴን አይተው፣ ማሻአላህ ብለው ነው እኔ ጋ የሚቀመጡት። አንዷ በቪዲዮ አንስታ ዳሊ ሲቲ ላለች እህቷ ላከችላት።

እኔ ምን ሆንኩ መሰለህ? ቀናሁ። ሚስትህ ሾርባዬን ፉት እያልኩ፣ እንሽላሊቷ ላንተ ከምግብ ተለይታ! ለሰው እንዲህ ያለውን አይነግሩትም፤ ላንተ ግን እነግርሃለሁ።

እየቆየ ግን ቅናቱ ወደ ፍርሃት ተለወጠ። እግሮቿ ከሱ፤ የዳሌዋ አጥንት ወጣ። ሆዷ ብቻ እንዳለ ነው፤ እሱን ልብ ያለ አልነበረም። ሐያት ኮል ባደረገች ቁጥር በእንግሊዝኛዋ ቬት ጋ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሐኪም ስም ይጽፋል፣ ከየት አመጣችኋት ይላል ብዬ እሸሻለሁ። ወንበርህን ብቻ አይደለም የወረስኩት፣ ፍርሃትህንም ጭምር ነው። እና እሜቴ እጄ ላይ ልትሞት ነው። አላህ ዘንድ ስንገናኝ ምን እልሃለሁ እያልኩ ሶላት ላይ ረከዓ ይጠፋኝ ጀመር።

ዒድ ደረሰ። እኔ መስጂድ አልሄድኩም፤ ሰው ግን ሰግዶ በቀጥታ ወደኔ መጣ። ለሐዘንተኛ የመጀመሪያ ዒድ ነው፣ ብቻዋን አትዋል ተባብለው። ሸሁም መጥተዋል፣ ሐያትም አለች፣ እትዬ ራህማም በአዲስ ጫማ። በዒድ ቀን በራችን ላይ የሚከመረውን ጫማ ታውቀዋለህ፤ ወገብ ሊደርስ ምን ቀረው። ተቀምጠን ስናወራ ከኮሪደሩ ዱብ የሚል ነገር ሰማን። ደግሞ ዱብ። ደግሞ ጧ! ሐያት ልታይ ሄዳ፣ ማሚ ብላ ጮኸች።

እሜቴ ጫማው ክምር ላይ ወጥታ ትቆፍራለች። የትንሿን ክፍል በር ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ ያመነ የለም። በፊት እግሮቿ ጫማውን እየዛቀች ወደ ኋላ ትወረውራለች፤ ስኒከሩ፣ ነጠላ ጫማው፣ የሸሁ ጥቁር ቆዳ ጫማ ግድግዳ ላይ ይላተማል። ሴቶቹ ሶፋ ላይ ወጡ። ወንዶቹም ቢስሚላህ እያሉ ከሶፋው ኋላ ተሰለፉ። ድንገት ጸጥ አለች። የእትዬ ራህማ አዲስ ጫማ ውስጥ ኋላዋን አስገብታ ዓይኗን ጨፈነች። ስትነሳ እዚያ ጫማ ውስጥ እንቁላል ተኝቷል። ነጭ፣ ከዶሮ እንቁላል ረዘም ያለ።

እትዬ ራህማ ጫማዋን አየች፣ እሜቴን አየች፣ እኔን አየች። «ወይኔ ልጄን፣ ለካ ምጥ ላይ ናት!» አለች። ሐዘንም አልነበረም፣ ጾምም አልነበረም። ለካስ አፈር ነበር የምትፈልገው፤ እንቁላሏን የምትቀብርበት አፈር። እነሱ ሲያረግዙ አይበሉም፣ መሬት ይቧጥጣሉ፤ እኛ ደግሞ ሐዘን ቤት ተቀምጠን ሁሉን ነገር ሐዘን አደረግነው። ሸሁ ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ጾምማ በነፍሰ ጡር ላይ ግዴታ አልነበረም አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ! በአንድ አፍታ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አዋላጅ ሆነ። አንዷ የልብስ ሳፋዬን አመጣች። ሌላዋ አንተ ለጎመኑ የገዛኸውን የአፈር ከረጢት ከበረንዳ ጎትታ ገባች፣ በዒድ ቀሚሷ። ሐያት ስልኳ ላይ እያነበበች አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ሙቅ ይሁን ትላለች፤ እንግሊዝኛዋን ማንም ሳይተረጉምላት ሁሉም ይታዘዛታል። አንዷማ ገንፎ ላገንፋላት ብላ ዱቄት ፍለጋ ጓዳ ገባች። እሜቴ ሳፋው ውስጥ ገብታ መቆፈር ስትጀምር አንዲት ሴት ራሷን ረስታ እልል አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እልልታ፣ ኢዳ በተቀመጠች ሴት ቤት! ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ሰይድዬ፣ ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እትዬ ራህማም ጫማዋን እንደያዘች ትስቅ ጀመር፣ ከዚያ ሁሉም። ካንተ በኋላ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በማግስቱ ግን ሳቁ በረደ። እንቁላሎቹን ቀብራ ስታበቃ ተዘረረች። ሐያት፣ ሁሉም አልወጣም ይሆናል አለች፣ በዚህ ይሞታሉ አለች። ልትወስዳት ብትጠጋ በጅራቷ ገረፈቻት። ለሸሁ ደወልኩና፣ ኢዳ ላይ ያለች ሴት ኢጓና ልታሳክም ትወጣለች ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም። እሳቸውም ለችግር በቀን ወጥቶ መመለስ አለ፣ ነፍስ ነው፣ አደራ ደግሞ አለብሽ፣ ሂጂ አሉኝ። ሰማያዊ ሸሚዝህን አወጣሁ። ሽታህ እንዳይለቅ ያላጠብኩትን። በእሱ ጠቅልዬ አነሳኋት። በሕይወቴ ስነካት የመጀመሪያዬ ነው። ትገርፈኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እሷ ግን አገጯን ክንዴ ላይ አስደገፈች።

በርክሌ ያለች የእንሽላሊትና የኤሊ ሐኪም ጋ ሄድን። ራጅ አነሳቻት፣ መርፌ ሰጠቻት፣ የቀሩት እንቁላሎች ወጡላት። ባዶ እንቁላል ነው አለችን፤ ዶሮ ያለ አውራ እንደምትጥለው፣ እነሱም ወንድ ሳያገኙ ይጥላሉ። ከዚያ ጭንቅላቷን፣ የአንገቷን ቆዳ፣ የጀርባዋን እሾህ ደጋግማ አየች። ከየት አገኛችኋት አለችን።

አንተ ስልኩን ስታነሳና ስታስቀምጥ ታየኝ። ሐያት በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። ግን ስልኩ አሁን በኔ እጅ ነው፤ እኔም መልሼ ካስቀመጥኩት ማን ያነሳዋል? ቆሻሻ መጣያውን፣ የመስታወት ሳጥኑን፣ የጸጉር ማድረቂያውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ ሐኪሟ እጄን ያዘች። የጠረጠርከው ልክ ነበር፤ ካሪቢያን ውስጥ ካለች አንዲት ደሴት በስተቀር የትም የማይገኝ ዘር ትመስላለች አለች። ማሳወቅ ግድ ነው፤ ግን ወድቃ ያገኛትንና ያሳደጋትን ሰው ማንም አያስርም አለችኝ። ሰይድዬ፣ ማንም አያስርም! ይህን ለመስማት አንድ ስልክ ነበር የጎደለን። መኪና ውስጥ ገብቼ ላንተ አለቀስኩልህ።

ኢዳዬን እንደጨረስኩ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሰው መጣ። ዩኒፎርም ለብሷል፣ ቀበቶው ላይ ብዙ ነገር አንጠልጥሏል። እኔ ደረጃው ስር ቆሞ ሳየው በሩን መልሼ ልዘጋው ቃጣኝ። እሱ ግን በራችን ላይ ጫማ ሲያይ ጎንበስ ብሎ የራሱን ቦት መፍታት ጀመረ። አንዱ ካልሲው ቀዳዳ ነበረው። ከዚያ ወዲያ አልፈራሁትም። ደም ወሰዱላት። ከሌላ ኢጓና ጋር ያልተደባለቀ ደም ከሆነ ዘሯን ለማራባት ትፈለጋለች፤ ከተደባለቀ ግን አትሆንም ተባልን። መልሱ እስኪመጣ በጋው አለቀ። እኔም በዚያ መሐል ጎመኗን በእጄ ማጉረስ ለመድኩ፤ አንዴ ጣቴን ነከሰችኝና ሰድቤያት ታረቅን።

መልሱ መጣ፤ ንጹሕ ናት። እንዲያውም ማራቢያ ውስጥ ያሉት ጥቂቶቹ ሁሉ የሥጋ ዘመዳሞች ሆነው ተቸግረው ነበርና አዲስ ደም አግኝተናል ብለው የተደሰቱት ደስታ! ደቡብ ካሊፎርኒያ ካለው ማራቢያቸው በቫን መጡላት። እንዴት እንደሚይዟት ነገርኳቸው፤ ሐያት ልትተረጉምልኝ እስኪሳናት። ከላይ አትምጡባት፣ ከጎን ኑ። ጎመኑ ዘንግ አይኑርበት። ጠዋት ሳታናግሯት መብራት አታብሩ። እነሱ ከኔ በላይ ያውቃሉ፤ ግን ጨዋ ናቸውና ሰሙኝ። የቫኑ በር ሊዘጋ ሲል እነሱን አመሰግናለሁ ማለት፣ እሷንም ደህና ሁኚ ማለት ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው «አደራ!» ነው። በአማርኛ። ሰውየው ሳይገባው ፈገግ አለ፣ ሄዱ።

እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ነው የገባኝ። ሐያት አጠገቤ ነበረች፤ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ። ለእሷ አንዲት ቃል አልነበረኝም። ታዲያ ከሐያት እሜቴን ወድጄ ነው? በፍጹም! ሐያት ሐያት ናት፤ ሥራ አላት፣ አፍ አላት፣ ይቺን አገር ከኔ በላይ ታውቃለች። ሰው በመጨረሻው ሰዓት የሚጠራው የሚሰጋለትን ነው። አንተም ያን ቀን ስለኔ አልሰጋህም። እኔን ለማንም አደራ ሳትል የሄድከው፣ አደራ የምትቀበለው እኔ ስለሆንኩ ነው። አደራ ተቀባይ አድርገኸኝ ሳለ እኔ የተረሳሁ መስሎኝ አንድ በጋ ሙሉ አኮረፍኩህ።

ያን ጊዜውኑ አፉ ልልህ ነበር። ግን ቃሉን ከአደራው ጋር አንድ ላይ ላደርስልህ ብዬ ያዝኩት። አደራው ደግሞ እሷን ቫን ላይ በመጫን አያልቅም፤ ዘመድ እያለቀባት ነው ብለህ እራት የተውከው ለእሱ ነው።

ይኸው የምሥራቹ። ባለፈው እሁድ ሐያት ሳትደውል መጣች፤ ደረጃውን ስትሮጥ ሰማኋት። ስልኳን አፍንጫዬ ስር አድርጋ አሳየችኝ። ከማራቢያው የተላከ ቪዲዮ ነው፤ አሸዋ ይታያል። አሸዋው ተንቀሳቀሰ፤ አንዲት ጭንቅላት ብቅ አለች፣ ከስክሪብቶ ክዳን የማትበልጥ። ከጎኗ ሌላ። ከኋላ ሌላ። አሸዋውን አራግፋ የወጣችው የመጀመሪያዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ካሜራውን ቁልቁል አየችው። ያን አስተያየት የት አባቴ እስታለሁ! ሐያት፣ አማርኛ የሚያስቸግራት ልጅህ፣ በአማርኛ፣ «እማ፣ እሜቴ ወለደች!» አለችኝ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ጎረቤቱ ይስማ።

ጫጩቶቹን ድመት የማይደፍራቸው እስኪሆኑ ያሳድጓቸዋል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ደሴቷ ሊመልሷቸው አስበዋል። የፈራኸው ደረሰልህ፣ ዲፖርት ሊደረጉ ነው! በወረቀት፣ በፐርሚት፣ በጤና ምስክር፣ ኖረንበት የማናውቀውን ክብር ተከብረው። አሁን ግባ በልና እራትህን ብላ፤ ዘመዶቿ አላለቁባትም።

እዚህ ሁሉም ደህና ነው። ሐያት አሁን ከሥራ ስትወጣ ማክሰኞ ማክሰኞም ትመጣለች። ትንሿ ክፍል ባዶ ናት፤ መብራቱን አላወረድኩትም። ጎመኑን እኔው እንከባከበዋለሁ፤ ለስላሳውን ቅጠል ራሴ እበላለሁ፣ ሳይጣፍጥ አይቀርም። እትዬ ራህማ ያን ጫማ እስካሁን አጥባ ለዒድ ታደርገዋለች፤ በረካ አለው ትላለች። ጁሙዓ በደረሰ ቁጥር ፋቲሃህን እቀራልሃለሁ፤ ከደሴቷ የሚመጣውን ወሬም ለሌላ ሰው ሳልነግር አስቀድሜ ላንተ እነግርሃለሁ። ይህን እስካለሁ አላስታጉልም።

እንግዲህ ሸሁ በጠየቁ ጊዜ ያላልኩትን ስማ። አፉ ብዬሃለሁ፣ ሰይድዬ። ላስኮረፍከኝም ላስከፋኸኝም፣ ለጸጉር ማድረቂያዬም፣ ለበላነው ዘንግ ሁሉ አፉ ብዬሃለሁ። አንተም አፉ በለኝ። የኔ ሐቅ አያስጨንቅህ፣ እርፍ ብለህ ተኛ።

አንዲት ሐቅ ብቻ አስቀርቻለሁ፤ እሷን ጀነት በር ላይ እቀበልሃለሁ። ስመጣ ከመቀመጫህ ትነሳና፣ «እሜቴ እንዴት አደሩ» ትለኛለህ። በእርስዎ።

ሚስትህ ዘሃራ